የባዶው ሣጥን ክብደት

ክላክስቪክ ወደብ፣ ዓሣ የሚመዘንበት ቤት፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ውጭ ጭጋግ፣ ውስጥ የበረዶ ክምር፤
እኔ ተንበርክኬ የኮምፒውተሩን ሆድ እበረብር።

አሮጌው ዲስክ ሰኞ ማንኳኳት ጀመረ፣
ማክሰኞ አቃሰተ፣ ረቡዕ ዝም ብሎ አደረ።
አዲሱ በጀልባ መጣ፣ በቢጫ ካርቶን ታሽጎ፤
መዛኙ ሄኒ በሩ ላይ ቆሟል፣ እጁን በብብቱ ሸሽጎ።
«ምስሉ አለኝ» አልኩት፣ «በጥቅምት የቀዳሁት፤
ግማሽ ሰዓት ይበቃኛል።»
አፌን ምን አስከፈተኝ!

አረንጓዴው መስመር ሞላ፣
«ያለ ምንም ስህተት ተፈጽሟል» አለ።
አስነሣሁት።
ጥቁር ስክሪን፤ ጥጉ ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ፣
ብልጭ ጥፍት፣ ብልጭ ጥፍት፣
ግቢ አትል፣ ውጪ አትል።

ይህን ዲስክ የከፋፈለው ዮአኒስ ነው፣
ባለፈው የካቲት የቀበርነው፤
ነፍሱን ይማረውና፣ እንደ ሰው አይከፋፍልም ነበር።
ሦስተኛውን ክፋይ ከፊት አስቀመጠ፣
የመጀመሪያውን ከእሱ ኋላ፣
ሁለተኛውን ከሁሉም ጫፍ፣ ግድግዳ ሥር፤
በመሐላቸው ደግሞ ማንም የማያርሰው መሬት ተወ።
ለምን? ሄዶ የሚጠይቀው የለ።
መሣሪያዬ ቁጥር እንጂ ቦታ አያውቅም፤
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ እንደ ልደታቸው አሰለፈ፣
አንዱ የአንዱን ድንበር አለፈ።

ከብረት ክዳኑ በስተውስጥ
በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አገኘሁ፣
የዮአኒስ እጅ፣ በእርሳስ፦
እያንዳንዱ ክፋይ የሚነሣበት ሴክተር፣
ከላይ ስድሳ ሦስት፣ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት።
ቁጥሮቹን በጣቴ አንድ በአንድ አስገባሁ፣
ሁሉንም በየርስቱ፣ ማንም ማንንም ሳይገፋ።
እንደገና ግማሽ ሰዓት።
እንደገና ያቺ ሰረዝ።

ሦስት ጀልባዎች በሬዲዮ ጠሩ። መብራታቸው ይታያል።
ሄኒ ስለ ዲስክ ማወቅም አይፈልግ፤
የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጦ ያጉረመርማል፦
«ሚዛኑ ካልተነሣ ባዶውን ሣጥን እንኳ አልመዝን፤
ባዶው ስንት እንደሆነ ካልታወቀ
ዓሣው በምን ሊታወቅ?»
ለእኔ አልነበረም። ለራሱ ነው፣ ወይ ለበረዶው።
እጄ ግን ኪቦርዱ ላይ ቀረ።

ስድሳ ሦስት።
ከፊተኛው ክፋይ በፊት ያለች ጠባብ ደጅ።
ስም የላት፣ ፋይል የላት፣
መሣሪያዬ «ባዶ» ብሎ ዘሏታል፣
እኔም አብሬው ዘልያለሁ፤
ቀስቃሹ እዚያ ነበር የሚተኛው፣
ቤቱን ሁሉ በየስሙ የሚጠራው።

አሮጌውን ዲስክ በላስቲክ ጠቅልዬ
ከኮዱ ዓሣ ጎን በረዶ ውስጥ ቀበርኩት።
እንዲህ አይደረግም፣ አውቃለሁ።
ሃያ ደቂቃ ቆጠርኩ።
ሳወጣው አንድ ጊዜ ዞረ፣ እንደ ሽማግሌ ጉልበት ተንቋቋ፤
ብዙ አልለመንኩትም፣ የመጀመሪያዋን እፍኝ ብቻ።
ሰጠኝ።
ከዚያ ፈጨ፣ ፈጨ፣ ዝም አለ፤
ይህ ዝምታው የመጨረሻው ነው።

እፍኟን ከአዲሱ ደጅ አኖርኩ።
ሰረዟ ጠፋች።
ከሚዛኑ በላይ ቀይ ቁጥር በራ፦ ዜሮ ነጥብ ዜሮ።
«ዘወር በይ፣ ራንቫ» አለኝ ሄኒ፣ ምስጋና አያውቅበትም፤
ባዶ ሣጥን አስቀመጠ፦
ሁለት ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም።
ቁልፏን ተጫነ፤ ተመልሶ ዜሮ።
«ይግቡ» አለ በሬዲዮ።

እኔ ከስድሳ ሦስቱ ሥር
በእስክሪብቶ ሦስተኛ መስመር አሰመርኩ፤
ክዳኑን በሦስት ቡሎን አሠርኩት፣
አራተኛው በረዶው ውስጥ ጠፍቷል።